ሞታለች በዪ

ጥቅምት 6

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሰነበተ። ይህ ደብተር የትምህርት ዝግጅት ልጽፍበት የተሰጠኝ ነው፤ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ጀመርኩት። ሌላም ምክንያት አለኝ። ከምንይችል ጋር ቀኑን ሙሉ ቤት ስንውል ሥራችን ፊት ለፊት መተያየት ሆኗል። ፍርሃቴን እዚህ ካራገፍኩት ባሌ ፊቴ ላይ አያገኘው ይሆናል።

ዛሬ ላንድሮቨሯን ሞተች አልናት።

ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ ነበር። ካንዴላዎቿን ፈታ፤ ባትሪዋን አወጣ፤ አንድ የፊት ጎማዋን አስተነፈሰ፤ ከላይ የገብስ ገለባ ከመረባት። ዶሮዎቹ ወዲያው ወንበሯ ላይ ወጥተው ተኙ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ አያት። ሬሳ ገንዞ የጨረሰ ሰው ይመስል ነበር።

"ማንም ቢጠይቅሽ ሞታለች በዪ። ሞተሯ ነክሷል፣ ደርቆ ተጣብቋል በዪ" አለኝ።

"ማንም?"

"ማንም ስል ይገባሻል።"

ባለፈው ሳምንት ከወዲያኛው ቀበሌ አንድ የጭነት መኪና ተወስዷል። ሹፌሩ በእግሩ ተመለሰ፤ መኪናው ግን አልተመለሰም። እነማን እንደወሰዱት አልጽፍም። ደብተርም ሰው እጅ ይገባል።

ጥቅምት 9

ካንዴላዎቹን በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "አንቺ ደብቂ። እኔ ቦታውን ካወቅሁ ፊቴ ይናገራል" አለ። ጎታው ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀበርኳቸው።

ይህችን መኪና የገዛት ልጃችን ሶስና በተወለደች ዓመት ነው፤ የውሃ ጉድጓድ ይቆፍር የነበረ ፕሮጀክት ሲዘጋ በሐራጅ። ያኔም አሮጊት ነበረች። ሶስና አድጋ፣ ተምራ፣ አሁን እንጅባራ ቤት ተከራይታ ትሠራለች። መኪናዋ ግን እስከ ዛሬ ያልሞተችው እሱ ስላልፈቀደላት ነው። የበሯ ማጠፊያ ከጓሮ በራችን የተነቀለ ነው። የነዳጅ ቱቦዋ የታሰረው በብስክሌት ከመነዳሪ ነው። የተሰበረ ብረቷን የሚቀጥልላት ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ ነው። ሁለተኛው ማርሽ በእጅ ካልተያዘ ይወጣል፤ ፍሬኗ ደጋግሞ ካልተረገጠ አይዝም። አንድ ጊዜ ከዳንግላ የመጣ መካኒክ እነዳታለሁ ብሎ ከነነፍሱ አጥር ውስጥ ገባ። ምንይችል እንዲያ ሲስቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ስንት ዓመት በዚህች ብረት ቀንቻለሁ። ዛሬ እንቅልፍ ሲወስደው እጁን አሸተትኩት። ነዳጅ ነዳጅ አይልም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥቅምት 17

መጡ።

አፈሙዛቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀው፣ በትሕትና ነው የገቡት። ገለባውን አንዱ በእጁ ገለጠው።

"ትሠራለች?"

"ሞታለች፣ ወንድሜ። ሞተሯ ነክሷል" አለ ምንይችል።

ጠያቂው ኮፈኗን ከፍቶ ብዙ አየ። ሌላው ጎማዋን በጫማው መታ። ከሁሉም የሚያንሰውን አስተምሬው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ቀና ብዬ አላየሁትም። ያስተማርኩት ልጅ ከሆነ "ቲቸር፣ እውነት ነው?" ይለኛል። እኔ ደግሞ ክፍል ውስጥ ውሸት የምቀጣ ሰው ነበርኩ።

"ያሳዝናል። እንዲህ ያለ ብረት አሁን አይሠራም" አለ ኮፈኑን የከፈተው። ውሃ ለምነው ጠጡና ሄዱ።

ምንይችል ምሳውን አልነካም። "ሞታለች ስል ምላሴ ደረቀ" አለኝ። እኔም ዶሮ በተንጫጫ ቁጥር ደጁን አያለሁ።

ጥቅምት 26

ሞተር ዝም ብሎ ከቆመ በእውነት ይነክሳል ይላል። ስለዚህ ከጎናችን ያለው ወፍጮ ሥራ ጀምሮ ጩኸቱ ሲያይል ካንዴላዎቹን አምጪ ይለኛል፤ ጥቂት ያስነሳትና ያጠፋታል። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ መንገዱን እጠብቃለሁ። ተው አልለውም። ብለውም አይሰማኝም።

ዛሬ ወፍጮው በድንገት ቆመ። የኛይቱ ድምፅ ብቻዋን ቀረች። ወዲያው አጠፋት፤ ግን ለኔ ዘመን ነው የሆነብኝ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ እህላቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ነበሩ። በአጥሩ ቀዳዳ ነጠላቸውን ብቻ አየሁ። አንዷም አልዞረችም። ሰው ድምፅ ሰምቶ የማይዞር ከሆነ ሰምቷል ማለት ነው።

ኅዳር 4

ሸጋ መጥታ ነበር። አጥር የምትጋራን ሸጋ። ባሏን፣ አያ ኪዳኑን፣ ከጠዋት ጀምሮ ሆዳቸውን ቆርጧቸዋል፤ ያስመልሳቸዋል። መኪናዋ አትሠራም አልኳት። ምንይችልም አልነበረም። በጋሪ ይዘዋቸው ወደ ዳንግላ ሄዱ።

እግዜር ይማራቸው።

ኅዳር 5

አያ ኪዳኑ መንገድ ላይ ዐረፉ። ዳንግላ ሊገቡ ሲሉ።

ሐኪም ዘንድ ቢደርሱም አይተርፉም ነበር ይላሉ።

ኅዳር 8

ለቅሶ ቤት ስንውል ሰነበትን። ሸጋ ጥቁሯን ለብሳ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ስገባ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እኔ ላጽናናት ሄጄ "ፊትሽ ከስቷል፣ ስሜነሽ፤ እህል ቅመሺ እንጂ" ያለችኝ እሷ ናት።

ውጭ ድንኳኑ ሥር የተቀመጡ ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ።

"መኪና ያለው ሰው አጥር ለአጥር እያለ በጋሪ መሄድ።"

"መኪናዋ ሞታለች አሉ እኮ።"

"እህ። አሉ።"

ያቺ "አሉ" እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ማታ ምንይችል እሳቱን እየቆሰቆሰ ጠየቀኝ። "ለምን ወደኛ አልመጡም?"

"አንተ እንደሌለህ አይተው ይሆናል።"

"የት ሄጄ? ድንች ስቆፍር አይደል የዋልኩት?"

ተነሥቼ ሰሐኑን አነሣሁ። አያ ኪዳኑ አገውኛ የሚያጫውቱት ወዳጁ ነበሩ። ከገበያ ሲመለሱ ከፊት ወንበር የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ።

የድንቹ ማሳ ከቤቱ ጀርባ ነው። ብጠራው ይሰማ ነበር። ግን ቢሰማስ? ጎማው መነፋት አለበት፣ ባትሪው መታሰር አለበት። ቢነዳስ? የታጠቁት ሰዎች ኬላ ላይ ያዩታል። ወደ ገበያ የምንጭንባት መኪና ከተወሰደች ምን እንበላለን? ማንም ሲለኝ እኔ ሰው ሁሉ መስሎኝ ነው። እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ጋሪው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ምንይችል ጭቃውን ከእጁ እያራገፈ ገባ፤ "የማን ጋሪ ነው?" አለኝ፤ "እንጃ" አልኩት።

ሐኪም ዘንድ ቢደርሱም አይተርፉም ነበር። ይህን ያለችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ወይ ሌላ ሰው ነው። ብቻ ሰው ብሎኛል።

ኅዳር 21

ኔትወርክ ለትንሽ ጊዜ መጣና ሶስና ደወለች። እንጅባራ ዛሬ ሰላም ነው፤ ትናንት ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር አለች። "እማ፣ አባቴ መኪናዋን እንዳያወጣ። ወደዚህ እመጣለሁ እንዳይል።"

"አያወጣም። ሞታለች ብለናል።"

"ሸጋ ደህና ናት? ትርሲትስ? ልትወልድ ደረሰች አይደል?"

"ደህና ናቸው። አያ ኪዳኑ ግን ዐረፉ።"

"ምነው? ምን ሆነው?"

"አሟቸው።"

መስመሩ ተቋረጠ። ባይቋረጥ ምን እጨምር ነበር?

ታኅሣሥ 3

ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ። ሩቅ ነው። አሁን ቀረበ። ምንይችል መሬት ላይ ተኚ አለኝ። ላሚቱ ውጭ ናት።

ቆሟል።

ትርሲትን በአጥሩ አየኋት፤ የሸጋ ልጅ። ባሏ፣ አወቀ፣ ክንዷን ይዟታል። ሆዷ ወርዷል። እኔ ሳያት ዞራ ገባች። ወይም አላየችኝም።

ታኅሣሥ 12

ትናንት የሆነውን እጽፋለሁ። ካልጻፍኩት ጩኸት ሆኖ ይወጣል።

ከቀትር በኋላ ሸጋ በራችን ላይ ቆመች። አልገባችም። ትርሲት ካለፈው ሌሊት ጀምሮ ምጥ ላይ ነበረች። ከጤና ኬላው የመጣችው ልጅ፣ ሕፃኑ አመጣጡ ልክ አይደለም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ካልገባች ሁለቱንም እናጣለን ብላለች።

ሸጋ አላለቀሰችም። "ስሜነሽ፣ ዛሬ ትሠራለች በዪኝ" አለችኝ።

ዛሬ አለችኝ።

ምንይችል ከኋላዬ ነበር። ፊቱን አላየሁትም። ወደ ጎታው ሄጄ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። ገብሱ ውስጥ ጣቴ ካልሲውን ሲያጣ ሲያጣ፣ እግዜር ደብቆብኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደስ ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ አገኘሁት።

አወቀ ጎማውን ነፋ፤ ምንይችል ባትሪውን አሰረ። አልነሳም አለች። እንደገና። አልነሳም አለች። ሸጋ ከፊቷ ቆማ በአገውኛ አንድ ነገር ትላለች፤ ለመኪናዋ ይሁን ለማርያም አላውቅም። ምንይችል ባትሪው ደክሟል ሲለን ገፍተን ቁልቁል ለቀቅናት፤ ያኔ ተነሣች። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አየ።

ትርሲትን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛናት። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ምንይችል በየጉድጓዱ ፍሬኑን እየደጋገመ ይረግጣል፤ ማርሹን በጉልበቱ ደግፎ ይይዛል። ዋናው መንገድ ልንደርስ ስንል "ቁም" አሉን።

ኮፈኑን ከፍቶ ያየው ሰውዬ ነበር። መኪናዋን ዞራት። ምንይችልን አየው።

"ሞታለች አላልከኝም?"

"ብዬህ ነበር" አለ ምንይችል።

"አሁንስ?"

"አሁን ሰው እየሞተ ነው።"

ሰውዬው ሸራውን ገልጦ ትርሲትን አየ። ቶሎ ዐይኑን መለሰ። እሱም እናት አለችው። "ሂድ። ስትመለስ ግን እዚሁ ትቆማለህ" አለ።

ዳንግላ ስንደርስ እየሮጡ ተቀበሉን፤ ወዲያው ወደ ውስጥ አስገቧት። ሴት ልጅ ናት። ትርሲትም ነፍሷ ተርፏል። ሸጋ መሬቱን ሳመች።

እኔ ደስታውን አልቀመስኩም። ምንይችልን ወደ ጥግ ሳብኩት። "መኪናዋን እዚህ አጎቴ ግቢ እንተዋት። በሌላ መንገድ በእግር እንሂድ።"

"ካልተመለስኩ ቤት ይመጣሉ። ሸጋም ቤት ይመጣሉ።"

"ከወሰዷት ይውሰዷት በለኛ።"

"ይውሰዷት" አለ። እንዲህ ሲል የመጀመሪያው ነው።

ሸጋና አወቀ ከትርሲት ጋር ቀሩ፤ እኛ ተመለስን። ሰውዬው እንዳለው ቆመን ቁልፉን ሰጠነው። የእነሱ አንድ ወጣት ገብቶ ሊነዳት ሞከረ። ሁለተኛው ማርሽ ወጣበት፤ ፍሬኑን አንዴ ረገጠው፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ወጣቱ ላብ በላብ ሆኖ ወረደ።

"ይቺን የሚነዳት እሱ ብቻ ነው" አለ።

ሰውዬው ወደ ምንይችል ዞረ። "እንግዲያው ግባ።"

ለመኪናዋ ነበር የፈራሁት። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ለመኪናዋ ነበር።

ምንይችል ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ሰጠኝ። "ይበርድሻል። ሂጂ፤ ቆመሽ አትዪ" አለኝ። ቆሜ አየሁ። ማርሹን በእጁ ደግፎ እየያዘ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ቤቴ ድረስ እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14

የለም።

ታኅሣሥ 17

የቀበሌው ሰው ዘንድ ሄጄ ነበር። "እንዲያው ታገሺ፣ ቲቸር" አለኝ። የት እንዳለ አያውቅም። ቢያውቅም አይነግረኝም። ወደ ቲሊሊ አቅጣጫ አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ቁስለኛ ጭና አየን ያሉ አሉ። ወደ ጃዊ በረሃ ወረደች ያሉም አሉ። አንዲት መኪና ሁለት ቦታ አትሆንም።

ሶስናን አላገኛትም። ኔትወርክ ባይመጣ ይሻላል። ምን እላታለሁ?

ታኅሣሥ 21

ሸጋ ፍራሿን ተሸክማ መጣች። ትርሲትና ሕፃኗ ከሆስፒታል ወጥተው ዳንግላ ዘመድ ቤት ናቸው። "ብቻሽን አታድሪም" ብላ ከአልጋዬ ሥር አነጠፈች።

እራት ላይ ጀመርኩት። "ሸጋ፣ ያን ቀን አያ ኪዳኑ ሲታመሙ…"

"ተዪው።"

"መኪናዋ…"

"ትሠራ ነበር። አውቃለሁ። ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ ሰምቻታለሁ።" ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። "ባሌ ጋሪው ላይ ሲያቃስት እንኳ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ይወስዱባችኋል ብዬ። አንቺም ፈርተሽ ነው፣ እኔም ፈርቼ ነው። አሁን ብዪ።"

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። በላሁ። አብረን በላን።

ታኅሣሥ 29

ገና ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሰዎች እንኳን አደረሰሽ ለማለት አፋቸውን ይከፍቱና ያቆማሉ። መንገዱን ለቀው ያሳልፉኛል። ባል የሞተባት ሴት እንዲህ ነው የምትያዘው።

ጥር 4

መጣ።

በእግሩ። የጓሮውን በር ከፍቶ ገባና እንስራው አጠገብ ተቀመጠ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ተቃጥሏል። ጺሙ ነጭ ሆኗል። ስሙን እየጠራሁ ፊቱን ዳሰስኩት። ሸጋ እግሩን አጠበችው።

ስለ መኪናዋ አልጠየቅሁትም።

ጥር 7

ዛሬ ነገረኝ። ድንች እየላጥኩ ነበር፤ እሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ቁስለኛ ሲያመላልስ ከረመ። ቁስለኛውን ማመላለስ አልከፋኝም አለ፤ ሰው ነው። በመጨረሻ ግን ሳጥን ጫኑበትና ወደ ሌላ ቦታ ንዳ አሉት። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን አውቋል። ያን ዕለት ሥሯ ገብቼ ላጥብቃት ብሎ የዘይት ማፍሰሻዋን ብሎን አላላው። ከዚያ ዘይቷ እየፈሰሰ ዳገት ለዳገት ነዳት።

"መንዘፍዘፍ ስትጀምር አንዴ ላቆማት አስቤ ነበር" አለኝ። "ያኔ ባቆማት ትድን ነበር። እግሬን ከነዳጅ መርገጫው አላነሣሁም።"

እጁን ያቃጠለው ነክሳ ከቆመች በኋላ ኮፈኗን ሲከፍት ነው። እስኪበርድ መጠበቅ እንዳለበት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለምን እንደነካት አልነገረኝም። አንዱ ሊመታው ጠመንጃ አነሣ፤ ሰውዬው ግን "ሽማግሌ ነው፤ መኪናውም ሽማግሌ ነው። ይሂድ" አለ። ገደል ገፍተው ሲጥሏት ዞሮ አላየም።

የላጥኩትን ድንች እንደገና ስልጥ እጄን ያዘኝ።

"የኪዳኑን ነገር ሸጋ ነግራኛለች" አለ። እጄን ግን ወዲያው አልለቀቀም።

ጥር 15

ጠዋት በር ተንኳኳ። ሁለታችንም ከመቀመጫችን አልተነሣንም፤ እንዲህ ሆነናል። ሦስተኛ ሲንኳኳ ከፈትኩ። አዝመራው ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው። እናቱን ከትናንት ጀምሮ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

"ጋሼ፣ መኪናዋን ይዘውልኝ ይድረሱ።"

"መኪናዋ ሞታለች፣ ልጄ" አለ ምንይችል።

"እንደዚያ እንደሚባል አውቃለሁ። ለትርሲት ግን ተነሥታለች።"

"አሁን እውነት ነው።"

አዝመራው እኔን አየኝ። "ቲቸር?"

ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ገለባው ተንዷል፤ ከሥሩ ዘይት የጠጣ መሬት ብቻ ነው ያለው። ቁልቁል አይቶ ቆየ። "የት ደበቃችኋት?" አለኝ። አልጮኸም። መልስ ቢኖረኝም አያምነኝም። ያምነኝ የነበረ ጊዜ ነበር።

ምንይችል ከኋላችን መጣ። "ቃሬዛ አላችሁ?"

"አለ። ሰው ነው ያነሰን።"

"እኔ አንዱን ጫፍ እይዛለሁ።"

"በዚያ እጅዎ?"

"በግራዬ።"

አሁን ጫማውን እያሠረ ነው። እስከ ዳንግላ በቃሬዛ ሩቅ ነው፤ ሰዎቹም አሁንም መንገዱ ላይ ናቸው፤ ፊቱን ያውቁታል። አትሂድ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ሸጋ የውሃውን ጀሪካን ሞልታ ከደጅ እየጠራችኝ ነው። ተራ የምንቀበል ሴቶችም ያስፈልጋሉ ትላለች።

ጋቢውን ልያዝለት።